20 ሺህ ዶላር የወጣባት አልፓካ፦ የአሜሪካ የቤተሰብ እርባታዎች ታሪክ

በ2000ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ዘር ያላት አንዲት ሴት አልፓካ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ትሸጥ ነበር። ከ2010 በኋላ ደግሞ «አልፓካ በነፃ፣ መጥቶ ለሚወስድ» የሚል ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ የተለመደ ሆነ። በመሃሉ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። እንስሳቱ አልተለወጡም። ፀጉራቸውም ያው ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ? (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን በዝርዝር ማየት የፈለግኩት ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎች ቁማርተኞች ስላልነበሩ ነው። ብዙዎቹ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሌሎቹ ከከተማ ወጥተው ልጆቻቸውን ገጠር ማሳደግ የፈለጉ ወላጆች ናቸው። እንስሳውን አይተው ወደዱት። ሒሳቡን ግን ሻጩ እንደነገራቸው ተቀበሉ።

እንስሳውና ፀጉሩ

አልፓካ የግመል ዘመድ ነው። ሻኛ የለውም፤ በቁመትም ከግመል ጋር አይወዳደርም። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 85 ኪሎ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። እዚያ ከዛሬ 6 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቪኩኛ ከሚባል የዱር እንስሳ ተላምዶ መጣ። ዛሬም ከዓለም አልፓካ አብዛኛው ያለው ፔሩ ውስጥ ነው። ደጋው ላይ የሚኖሩ እረኛ ቤተሰቦች ፀጉሩን ይሸጣሉ፣ ሥጋውን ይበላሉ፣ ኩበቱን ያነዳሉ። ሥጋውን ይበላሉ ያልኩትን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አልፓካ ለአነስተኛ እርባታ የሚመች ጠባይ አለው፤ ይህን ማንም አይክድም። የእግሩ ሥር ለስላሳ ስለሆነ ግጦሹን አይቆፍርም። መንጋው ለመጸዳጃ አንድ ቦታ መርጦ እዚያው ስለሚመላለስ ማጽዳቱ ቀላል ነው። በቀን የሚበላው ደረቅ ሣር ከክብደቱ 2 በመቶ አይበልጥም። ብቻውን ካስቀመጡት ግን ይጨነቃል፤ የመንጋ እንስሳ ነው። ሴቷ ከ11 ወር በላይ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ መንታ እጅግ ብርቅ ነው። ዕድሜው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

በዓመት አንድ ጊዜ ይሸለታል። አንዱ እንስሳ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ገደማ ይሰጣል፤ ሁሉም ግን አንድ ደረጃ አይደለም። ደረጃ የሚወጣለት በዋናነት በቀጭንነቱ ነው። መለኪያው ማይክሮን ይባላል፤ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። 20 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ፀጉር አንገት ላይ ቢያርፍ ምቾቱ ልዩ ነው። 30ን ሲያልፍ ይኮሰኩሳል። ችግሩ፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ፀጉሩ እየወፈረ ይሄዳል። ከግልገልነቱ የተሸለተው ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልኩ ምርጥ ፀጉር ነው። ስለዚህ እውነት ለፀጉር ብሎ የሚያረባ ሰው መንጋውን በየጊዜው ማደስ፣ ያረጁትንም ከመንጋው ማውጣት አለበት። 20 ሺህ ዶላር የከፈለባትን እንስሳ ፀጉሯ ወፈረ ብሎ የሚያወጣ ግን ማን ነው?

ዋጋው እንዴት ተሰቀለ

አልፓካ ለንግድ ወደ አሜሪካ መግባት የጀመረው በ1984 ነው። ጥቂት ስለነበሩ ውድ ነበሩ፤ ይህ የሚገርም አይደለም። በ1988 አርቢዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ የዘር መዝገብም ከፈቱ። አንድ ግልገል የሚመዘገበው እናትና አባቱ የተመዘገቡ መሆናቸው በምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥሩ አሠራር ነው፤ ማጭበርበርን ይከላከላል።

ወሳኙ ነገር የተደረገው በ1998 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚመጣ አልፓካ መዝገቡ ላይ እንዳይሰፍር ተደረገ። አንድ ሰው ፔሩ ሄዶ የፈለገውን ያህል ጥሩ እንስሳ ቢገዛ አሜሪካ ውስጥ ወረቀት አያገኝለትም። ወረቀት የሌለውን ደግሞ ለርቢ የሚገዛው የለም። ፔሩ ውስጥ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኝ እንስሳ አሜሪካ ውስጥ በአሥር ሺዎች የተሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። የዋጋው ልዩነት ከእንስሳው የመጣ አልነበረም፤ ከመዝገቡ ነው የመጣው። መዝገቡን የዘጉትም የሚሸጥ እንስሳ የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚያ የግብር ጉዳይ መጣ። የአሜሪካ ሕግ ነጋዴ ለሥራው የገዛውን ዕቃ፣ የርቢ እንስሳንም ጨምሮ፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ በገዛበት ዓመት ሙሉ ዋጋውን ከገቢው እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ጣሪያው 25 ሺህ ዶላር ነበር። በ2003 ወደ 100 ሺህ ከፍ አለ። ጥሩ ደሞዝ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ማባበያ ነበር። «ለመንግሥት ከምትከፍል አልፓካ ግዛበት» የሚለው አነጋገር ያኔ ጆሮ ይስብ ነበር። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። 30 በመቶ ግብር የሚከፍል ሰው 20 ሺህ ዶላር ቢቀነስለት የሚተርፈው 6 ሺህ ነው። 14 ሺው ከኪሱ ወጥቷል። ያ ገንዘብ መመለስ ያለበት ከእንስሳው ነው።

ማስታወቂያውም ተጨመረበት። የአርቢዎቹ ማኅበር በመላ አገሪቱ በሚታዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያስተዋውቅ ነበር። ለምለም ሜዳ፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ የሚስቅ ቤተሰብ። ጨረታዎችና ውድድሮች በዙ። የታወቁ አውራ ወንዶች ድርሻቸው ሳይቀር በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጥ ጀመር። መሬት የሌላቸው የከተማ ሰዎችም አልፓካ ገዝተው በየወሩ እየከፈሉ ሌላ ሰው እርባታ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር።

የተኮላሸው ወንድ የተናገረው

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ከሚወለዱት ግልገሎች ግማሹ ወንድ ነው። ለመንጋ ጥቂት አውራዎች ይበቃሉ። የተቀሩት ወንዶች ይኮላሹና ለፀጉር ወይም ለቤት እንስሳነት ይሸጣሉ። እነዚህ የተኮላሹ ወንዶች የሚሰጡት ፀጉር ከሴቶቹ አያንስም። አርግዘው አያውቁም፣ አያጠቡም፤ እንዲያውም ጥሩ ፀጉር ይሰጣሉ። ዋጋቸውስ? ሴቷ 20 ሺህ በምትሸጥበት በዚያ ወርቃማ ዘመን እንኳ የእነሱ ዋጋ መቶዎች ቤት ነበር፤ ቢበዛ ሺህ ቤት።

ይህ ሁሉን ይናገራል። ፀጉሩ ምን ያህል እንደሚያወጣ ማወቅ የፈለገ ሰው የተኮላሸውን ወንድ ዋጋ ማየት ይበቃው ነበር። የቀረው 19 ሺህ ምናምን ዶላር የተከፈለው ሴቷ ለምትወልዳት ሴት ነው። ያቺም የምታወጣው እሷ ለምትወልዳት ሴት ነው። ሰንሰለቱ ፀጉሩ ጋ አይደርስም።

በቁጥር እንየው። አንዲት አልፓካ በዓመት 3 ኪሎ ትሰጣለች እንበል፤ ይህ ወደ 6.6 ፓውንድ ነው። በጅምላ የሚገዙ ሰብሳቢዎች ላልታጠበ ፀጉር የሚሰጡት ዋጋ በፓውንድ ጥቂት ዶላር ነው። እኛ ግን በጣም ቸር እንሁንና ሁሉም፣ የእግሩም የሆዱም ሳይቀር፣ ፓውንዱ 10 ዶላር ተሸጠ እንበል። 66 ዶላር። የድርቆሹን፣ የሐኪሙንና የሸላቹን ወጪ ትተን ማለት ነው። 20 ሺህ ዶላሩ በዚህ የሚመለሰው በ303 ዓመት ነው። እሷ የምትኖረው 20 ዓመት ነው፤ ያውም ከታደለች።

ስለዚህ አትራፊው ሥራ ግልገል መሸጥ ሆነ። 10 ሴቶች ያሉት ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 5 ሴት ግልገሎች ይወለዱለታል። እነሱን የሚገዛ አዲስ ቤተሰብ ያስፈልጋል። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ አዲሱም ቤተሰብ ሻጭ ነው፤ እሱም የራሱን አዲስ ገዢ ይፈልጋል። አልፓካ በዓመት አንድ ብቻ ስለሚወልድ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። ያ ዝግታው ነው ብዙዎችን ያታለለው። ገበያው ለ20 ዓመት ሲቆም አይተው የጸና መሰላቸው።

የሚያስጠነቅቅ አልጠፋም ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የግብርና ኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት የአልፓካ ዋጋ ከፀጉሩ ገቢ ጋር በምንም መንገድ እንደማይገናኝ አሳይተዋል። ዋጋውን የያዘው ነገ በበለጠ ዋጋ የሚገዛ ሰው ይመጣል የሚለው ተስፋ ብቻ ነው አሉ። አሜሪካ ከዚያ በፊትም ይህን አይታለች፤ በ1990ዎቹ ኢሙ የሚባለው ከሰጎን ጋር የሚመሳሰል ትልቅ ወፍ ጥንዱ በአሥር ሺዎች ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አርቢዎቹ አጥር ከፍተው የለቀቁት ነበሩ። አርቢዎቹ ጥናቱን አልወደዱትም። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ቤታቸውን አስይዘው የገዙትን እንስሳ ዋጋ የለውም ሲባሉ ማን ይሰማል?

የመሸለቻው ቀን

ፀጉሩ ራሱስ የት ሄደ? ይህን ለመረዳት የመሸለቻውን ቀን ማየት ይጠቅማል።

ጊዜው ፀደይ ነው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ብዙ ቤተሰቦች ሸላች ይቀጥራሉ፤ ከእርባታ እርባታ የሚዞር ባለሙያ ነው። እንስሳው ምንጣፍ ላይ ይጋደማል። የፊት እግሮቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ በገመድ ተወጥረው ይታሰራሉ። ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ቢንፈራገጥ መቁረጫው ቆዳውን ይቀደዋል። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይይዛል። ሸላቹ ከሆዱ ይጀምርና ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ጀርባ ይወጣል። የጀርባና የጎን ፀጉር እንደ ብርድ ልብስ ተያይዞ በአንድ ገጽ ይነሳል። ዋናው ሀብት እሱ ነው። አንገቱ ለብቻ፣ እግርና ሆዱ ደግሞ ለብቻ ከረጢት ይገባል። በዚያው ጥፍሩ ይቆረጣል፣ ጥርሱ ረዝሞ ከሆነ ይስተካከላል፣ መርፌም ካለ ይወጋል። ሁሉም በደቂቃዎች ያልቃል። ተፈትቶ ሲነሳ ግማሽ አካሉ የቀነሰ ይመስላል።

ከዚያ የሚቀጥለው ሥራ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። ፀጉሩ ወንፊት መሳይ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ድርቆሹ፣ እሾሁ፣ ወፍራሙ ፀጉር በእጅ ይለቀማል። አልፓካ አቧራ ላይ መንከባለል ስለሚወድ ሲያራግፉት ቤቱን አቧራ ይሞላዋል። እንደ በግ ሱፍ ቅባት የለውም፤ ስለዚህ ለማጠብ ይቀላል።

ለቅሞ የጨረሰው ሰው ከረጢቱን ይዞ ወዴት ይሂድ? ትልቅ ፋብሪካ በቶን የሚቆጠር፣ አንድ ዓይነት ውፍረትና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፀጉር ይፈልጋል፤ በተለይ እንደፈለገ የሚያቀልመው ነጭ። የአሜሪካ ቤተሰቦች ደግሞ ከነጭ እስከ ጥቁር፣ ቡናማና ግራጫ ያለበት ትንሽ መንጋ ነበራቸው፤ ለውድድርና ለዓይን ቀለም መብዛቱ ያምራል። ከአንዱ እርባታ የሚወጣው የአንድ ቀለም ፀጉር ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ትንንሽ የክር ፋብሪካዎች አሉ፤ ይቀበላሉ፣ ግን ወረፋው ወራት ይወስዳል፣ ለማጠብ፣ ለማበጠርና ለመፍተል የሚያስከፍሉትም ፀጉሩ ራሱ ከሚያወጣው ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ከረጢቱን ጎተራ ውስጥ አስቀመጠው። የሚቀጥለው ዓመት በላዩ ላይ ተደረበ። ግልገል በአሥር ሺዎች እየተሸጠ ሳለ ስለ ከረጢቱ የሚጨነቅ አልነበረም።

ሲወድቅ

በ2008 የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ባንኮች እጃቸውን ሰበሰቡ። አዲስ ገዢዎች ቤታቸውን አስይዘው ይበደሩት የነበረው ገንዘብ ደረቀ። ገዢ ጠፋ። ከወንዶቹ ጀመረ፤ ከዚያ ተራ ሴቶች፤ ከዚያ ባለ ዘር ሐረጎቹ። ዋጋው ከ20 ሺህ ወደ ጥቂት ሺህ፣ ከዚያ ወደ መቶዎች ወረደ። እርጅና የያዛቸው ባለቤቶች መንጋውን የሚረከባቸው አጡ።

የፔሩ እረኛ እዚህ ደረጃ አይደርስም። ፀጉሩ ቢረክስ እንስሳውን ለሥጋ ይሸጠዋል። የእኛም የመንዝ ገበሬ እንዲሁ ነው። የበጉን ፀጉር ሸልቶ ባና ያሠራል፤ የፀጉሩ ገበያ ቢጠፋ ግን በጉ ለፋሲካ ይሸጣል። ዋጋው የሚያርፍበት ወለል አለው። አሜሪካዊው ቤተሰብ አልፓካውን ስም አውጥቶለታል፤ አይበላውም፣ ለሥጋ የሚገዛው ገበያም የለም ማለት ይቻላል። ወለል የሌለው ዋጋ ዜሮ ላይ ነው የቆመው። ከዜሮም በታች ወረደ፤ እንስሳው በየቀኑ ይበላል፣ በየዓመቱ ካልተሸለተ በሙቀት ይሠቃያል። ምሥራቁ ክፍል ውስጥ ደግሞ ነጭ ጅራት ያለው አጋዘን በቀንድ አውጣ በኩል የሚያስተላልፈው ትል አለ። ትሉ ወደ አልፓካው አከርካሪ ገብቶ ሽባ ያደርገዋል። ለመከላከል ብዙዎች በየወሩ ኢቨርሜክቲን ይወጋሉ። መድኃኒቱ በዛ ብሎ ሲወጋ ደግሞ የጨጓራ ደም መጣጭ ትሎች ይለምዱታል፤ አርቢው የዓይኑን ሽፋን ገልብጦ ነጥቶ እንደሆነ በየጊዜው ማየት አለበት። ይህን ሁሉ ማድረግ ያልቻሉ ሰዎች እጅ የቀሩ መንጋዎች ተርበዋል፤ እንስሳ የሚታደጉ ድርጅቶች በብዛት ተቀብለዋል። እኔን ከዶላሩ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እንስሳቱ በሒሳቡ ውስጥ የሉበትም ነበር።

የአርቢዎቹ ማኅበርና መዝገቡ በ2014 ተዋህደው አንድ ድርጅት ሆኑ።

የቀሩት እነማን ናቸው?

ሁሉም አልከሰረም። ቀድመው የገቡ ሻጮች አትርፈው ወጥተዋል። ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ዛሬም እያረቡ ያሉት ናቸው። እነዚህ ቤተሰቦች ገቢያቸውን ከግልገል ላይ አንስተው ሰው እርባታው ድረስ መጥቶ በሚገዛው ነገር ላይ አደረጉት። ፀጉሩን አስፈትለው በራሳቸው ሱቅ ክር፣ ካልሲና ኮፍያ ይሸጣሉ። በጅምላ ጥቂት ዶላር የሚያወጣው አንድ ፓውንድ ፀጉር ክር ሆኖ ለሹራብ ሠሪ ሲሸጥ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ከፋብሪካው ክፍያ በኋላም ይተርፋል። የአልፓካ ፀጉር ስለሚለጠጥና ቅርጹን ስለሚለቅ ከበግ ሱፍ ጋር ቀላቅለው ያስፈትሉታል። ፋንድያውን ለአትክልተኞች ይሸጣሉ፤ ሳይብላላም አፈር ላይ ቢደፋ ተክል አያቃጥልም። በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ በመላ አገሪቱ የአልፓካ እርባታዎች ለጎብኚ በራቸውን ይከፍታሉ። ያን ቀን ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት አንድ ኮፍያ ሳይገዛ አይወጣም።

ይህ ሀብታም አያደርግም። ብዙዎቹ ከባልና ሚስት አንዳቸው ሌላ ሥራ አላቸው። ግን ሒሳቡ የሚዘጋው በፀጉሩ ነው፤ አዲስ ገዢ መምጣቱን አይጠብቅም።

አሜሪካ ውስጥ ትንሽ መሬት ገዝታችሁ ይህን ነገር የምታስቡ ካላችሁ፣ ዛሬ እንስሳው ርካሽ መሆኑ ጥሩ ዜና ነው። ለፀጉር ብቻ ከሆነ የተኮላሹ ወንዶች ይበቃሉ፤ ከሦስት ባያንሱ። ለአንዱ በዓመት ከ400 ኪሎ በላይ ድርቆሽ አስቡለት። ሻጩን ያለፈው ዓመት ፀጉር ለማን፣ በስንት እንደሸጠ ጠይቁት፤ ደረሰኝ ካለው ያሳያችኋል። ስለ ግልገሎቹ ዋጋ ብቻ የሚያወራችሁ ከሆነ ተሰናብታችሁ ውጡ። መሬታችሁ አካባቢ አጋዘን ይመጣ እንደሆነ፣ አልፓካ ማከም የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም በስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንዳለና በመሸለቻው ወቅት የሚመጣላችሁ ሸላች ማን እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።